የጎባው አናጢና የማዕበሉ ሳንቃ

ጎባ ውስጥ አንድ አናጢ ነበር። በር ይገጥማል፣ አልጋ ይሠራል፣ ቁም ሣጥን ያቆማል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የኮርቻ እንጨት ይጠርባል። ባሌ ውስጥ ፈረስና ፈረሰኛ ስለማይጠፋ ይኸኛው ሥራ ጦም አሳድሮት አያውቅም። ባሕር ግን በዓይኑ አላየም። ካየው ውሃ ሁሉ ትልቁ በክረምት ደፍርሶ የሞላ ወይብ ነው።

አንድ ቀን ኑሮውን ካሊፎርኒያ ያደረገ የጎባ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ወደ ሱቁ ጎራ አለ።

«ጋሼ፣ ሳንቃ ይሠሩልኛል?»

«የአልጋ ነው የመደርደሪያ?»

«የማዕበል። ሰው ባሕር ላይ የሚቆምበት።»

አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ ሳቀ። «ሰው ባሕር ላይ ሲቆም የሰማሁት በወንጌል ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ጴጥሮስ መስመጥ ጀምሮት ነበር።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አፍንጫው ቀና ያለ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ሳንቃ። ታሪኩንም ነገረው። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ሃዋይ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ የዚያ አገር ሰው ማዕበል ላይ መቆም የጀመረው ፈረንጅ ገና ሳይደርስበት ነው። ለአለቆቻቸው የሚሠራው ረጅሙ ሳንቃ ዊሊዊሊ ከሚባል ቀላል እንጨት ይጠረብ ነበር። ዛፉን ሲቆርጡም ቀይ ዓሣ ሥሩ ላይ ያኖሩለታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን እንጨቱ ቀስ በቀስ ቀረና ፎም መጣ። ዛሬ በየባሕሩ ዳር የሚታየው ሰርፍ ቦርድ በአብዛኛው ውስጡ ፎም፣ ልብሱ ፋይበር ግላስ፣ ቆዳው ሬዚን ነው። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፎም የሚፈላበት ቲዲአይ የተሰኘ ኬሚካል ደግሞ የሚተነፍሰውን ሰው ሳንባ ይጎዳል። ለአሜሪካ ሳንቃ ሠሪዎች አብዛኛውን ፎም ሲያቀርብ የኖረ ክላርክ ፎም የሚባል የካሊፎርኒያ ፋብሪካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 ባለቤቱ የተቆጣጣሪዎችን ጫና በደብዳቤ አማርሮ በድንገት በሩን ዘጋው። ያን ጊዜ ሳንቃ ሠሪው ሁሉ ግራ ገባው። አንዳንዱ ሌላ ፎም ፈለገ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ቶም ዌግነር የሚባል ሰው ወደ ጥንቱ የሃዋይ ስስ ሳንቃ ተመልሶ ፓውሎንያ የተባለውን እንጨት እየላገ በተልባ ዘይት መቀባት ያዘ።

«እኔ የምፈልገው ንጹሕ ሳንቃ ነው» አለ ልጁ። «ባሕሩን የማይበክል።»

አናጢው ቃሉን ወደደው። ክፋቱ ልጁ የአንድ ወር ፈቃድ ብቻ ነው የነበረው። ስለዚህ ለናሙና ተብሎ ነጭ ስታይሮፎም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ መጣ። ፋይበር ግላስና ሬዚን ተከተለ። በሬዚኑ ጣሳ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል። እኔ እንኳ ይህን ታሪክ ስሰማ ቅጠሏን ማን እንደሚስላት ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ቀለም ከውስጡ ካለው ነገር ይልቅ ርካሽ ስለሆነ ይሆናል።

ሳንቃው በሦስት ቀን አለቀ፤ አማረም። አናጢው ፎሙን ሲሞርድ ሱቁ በነጭ ፍርፋሪ ተሞላ፤ ፍርፋሪው ሽቅብ ይበርራል፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ከምላስ ጋር ይጣበቃል። ተለማማጁ ልጅ ማታ ላይ ሱቁን ጠርጎ ጠራረጊያውን ከጓሮው ጅረት ዳር ደፋው፤ ብሩሹን በቲነር አጥቦ እጣቢውን እዚያው ቸለሰው። ማንም አልተቆጣውም። ለዓመታት የቀለም እጣቢ የሚደፋው እዚያ ነበርና።

በማግስቱ ከታች ሰፈር አንዲት ልጅ ቢጫ ጄሪካኗን ተሸክማ መጣች። ክዳኑን ከፍታ ለአናጢው አሳየችው። በውሃው ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ይንሳፈፋሉ።

«ጋሼ፣ የእናንተ በረዶ እኛ ጄሪካን ውስጥ ዘነበ።»

አናጢው እጁን ከትቶ ፍሬዎቹን ሊለቅም ሞከረ። ከጣቱ ያመልጣሉ። አንዷን ሲይዝ ሁለቱ ወደ ጎን ይሸሻሉ። ልጅቷ ቆማ ጠበቀችው። በመጨረሻ ውሃውን ደፍቶ ከራሱ በርሜል ቀዳላት። ሽታው ግን ጄሪካኑ ውስጥ ቀረ።

ልጁ ሳንቃውን ሊወስድ ሲመጣ አናጢው ጥያቄ ነበረው።

«ይኼ የጓሮዬ ጅረት የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?»

«ወደ ወይብ ነዋ።»

«ወይብስ?»

«በሶፍ ዑመር ዋሻ ሥር ያልፋል። ከዚያ ቆላ ለቆላ ወርዶ ገናሌ ይገባል። ገናሌ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ሲገናኝ ጁባ ይባላል። ጁባ ኪስማዮ አጠገብ ባሕር ይገባል።»

«እንግዲህ ባሕሩን የማይበክል ሳንቃ ስንሠራ ባሕሩን ከጓሮዬ ጀምረን በከልነው።»

«ያ እኮ የሕንድ ውቅያኖስ ነው ጋሼ። እኔ የምዋኘው ፓስፊክ ላይ ነው።»

«በባሕሮቹ መሐል አጥር አለ?»

ልጁ መልስ አላገኘም። የፎሙን ሳንቃ ትቶ ቀብድ ብቻ ከፍሎ ሄደ፤ ፈቃዱም አልቆ ነበር። አናጢው መጥረቢያውን ኮርቻው ላይ አስሮ፣ በሶና ውሃ ይዞ፣ ሬዚን የማይፈልግ እንጨት ፍለጋ ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ዛፎች ይናገራሉ። ምሳሌ ስለሆነ ይፈቀዳል።

መጀመሪያ የተናገረው እዚያው ከሱቁ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። «ወዴት ትደክማለህ? እኔ አለሁ። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጣሁ፣ ስትቆርጠኝ ከጉቶዬ አቆጠቁጣለሁ፣ ብትወስደኝ ማንም አይከስህም።» አናጢው ግን ባሕር ዛፍን ከልጅነቱ ያውቀዋል። «አንተ ስትደርቅ ትጠማዘዛለህ፣ ስትጠማዘዝ ትሰነጠቃለህ። ደግሞም ክብደትህ! ውሃ ስትጠጣ እንጂ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ አላየሁህም» ብሎት አለፈ።

ከጎባ በላይ ጥድና ኮሶ ቆመዋል። ጥዱ «ምስጥ አይደፍረኝም፣ ዝናብ አያበሰብሰኝም» አለ። አናጢው ግንዱን በክንዱ አቀፈው፤ ጣቶቹ አልተገናኙም። «የአያቴን ሠርግ አይተሃል መሰለኝ» አለው፤ «አንተን ጥዬ ለአንድ ጎረምሳ መጫወቻ ባደርግህ ለልጅ ልጆቼ ምን እላቸዋለሁ?» ኮሶዋ ቀይ አበባዋን አንዠርግጋ ዝም አለች። እሷን መጠየቅም አላስፈለገውም፤ ስንት ሰው ከኮሶ ትል የተገላገለባትን ዛፍ የሚቆርጥ እጅ አልነበረውም።

ወደ ላይ ሲወጣ አስታ ከበበው። ግማሹ ተራራ ጥቁር ነው፤ ለግጦሽ ተብሎ በቅርቡ ተቃጥሏል። የተረፈው አስታ በጭጋግ ውስጥ ቆሞ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ግን አልነበረም።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለ አስታው። «ግማሼን ያቃጥሉኛል፣ ግማሼ በአህያ ጀርባ ወደ ጎባና ሮቤ ገበያ ይወርዳል። ይህን ጭጋግ በቅጠሌ እየያዝኩ ወደ መሬት የማንጠባጥበው እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ ጄሪካኗን የምትሞላው ከማን ይመስልሃል?»

አናጢው ቆቡን አውልቆ አለፈ።

ሳነቴ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ፊቱን ይገርፍ ጀመር። ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር የሚያልፍ አምባ ነው፤ ከጎኑ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሌሊት ኩሬው ይቆረፍዳል፣ ቀን ፀሐይዋ አፍንጫ ትልጣለች። ከዚያ አምባ በሰሜን የወረደው ውሃ ወይብ ይሆናል፣ በደቡብ የወረደው ወልመል ይሆናል፤ ሁለቱም ዞረው ዞረው ገናሌ ላይ ይገናኛሉ። ከዚህ ተራራ ሆነው ምንም ነገር ቢደፉ አንድ ሰው ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። ቦታው ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ በአጠገቡ አለፈ። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት እዚሁ ባሌ ናቸው። ቀበሮው ግን ስለ ሳንቃ ምንም አላለም፤ አንዲት ፍልፈል ከጉድጓዷ እስክትወጣ አድፍጦ ስለነበር አናጢውን ዘወር ብሎም አላየው።

ጅብራ ግን ተናገረ። «ቀላል እንጨት ትፈልጋለህ አሉ። እኔ ቀላል ነኝ። ውስጤ ባዶ ነው። ለብዙ ዓመት አድጌ አንድ ጊዜ አብባለሁ፣ ከዚያ እሞታለሁ። የሞተውን ወንድሜን ውሰደው፤ ማን ይከስሃል?»

ይህ ፈተና ነበር። የደረቀ ጅብራ ግንድ በአጠገቡ ወድቋል፤ ርዝመቱም ልክ ነው። አናጢው በሁለት እጁ አነሣው። ላባ ነው። መሬት ላይ ቆም አድርጎ በክርኑ ደገፍ ሲለው ግን መሐል ለመሐል ተቀነጠሰ፤ ከውስጡም ትንንሽ ነፍሳት ግር ብለው ወጡ። ቤታቸውን አፍርሶባቸዋል። ሁለቱን ስብራት ወደነበሩበት አስጠግቶ ፈረሱን ነካ አደረገ።

ከሳነቴ ወደ ሪራ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ሪራ ቀርከሃ አገር ናት። ቀርከሃው ከሁሉም ይልቅ ምክንያታዊ ሆኖ ተገኘ። «ሙሉ ቁመቴን በወራት እጨርሳለሁ፣ በሦስት ዓመት እጠነክራለሁ። ያረጀነውን መርጠህ ብትወስድ ወጣቶቹ ይሰፋላቸዋል» አለ። አናጢው ደስ ብሎት ከፈረሱ ወረደ። ሰንጥቆ ጎን ለጎን ሲደረድረው ግን ችግሩ ታየው።

«ምን ያያይዝሃል?»

«ኮላ።»

«ኮላው የት ይሠራል? እጣቢውስ የት ይደፋል?»

ቀርከሃው እንደ ሰው ጭንቅላቱን አላከከም፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ብቻ ታየ። አናጢው ሁለት ያረጁ ዘንጎች ለችንካር እንዲሆኑት ወሰደና አመሰገነ።

ሪራ ላይ ያደረው አንድ ቀፎ ሠሪ ቤት ነው። ቀፎ ሠሪው ግንድ ለሁለት ይሰነጥቅና ውስጡን በመሮ ይፈለፍላል፤ ሁለቱን ግማሽ መልሶ ይገጥምና በሐረግ ይጠፍረዋል፤ አጥኖም ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ሬዚን የለም። ምስማርም የለም። አናጢው ሌሊቱን ሙሉ ቀፎውን እያገላበጠ ሲያይ አደረ። ባዶ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዝናብና ፀሐይ ይችላል።

«ከምን እንጨት ነው የምትሠራው?»

«ያገኘሁት። ለአንተ ግን ቀላሉ ኮርች ነው። ወደ ደሎ መና በኩል ውረድ፤ ከደኑ ግርጌ አጥራቸውን ኮርች ያደረጉ ሴትዮ አሉ። መጥረቢያህን ግን ሸሽገህ ግባ፤ ካዩት ቡና አያፈሉልህም።»

የሐረና ደን ትልልቅ ዛፎች አናጢውን ምንም አላሉትም። ዝግባው ከላይ ሆኖ አየው፤ እሱም ከሥር ሆኖ አየው፤ በዚያ አበቃ። ደኑ ሲሳሳ፣ የዱር ቡናው ወደ ጓሮ ቡና ሲቀየር፣ አጥሩ ታየ። ቀይ አበባ ያበቡ፣ ግንዳቸው እሾህ የሚያወጣ ኮርቾች ቤቱን ዙሪያውን አጥረውታል።

ባለቤቲቱ ደጃፍ ላይ ቡና እየለቀሙ ነበር። ፈረሱን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ከዚያም በጆንያ የተሸፈነውን መጥረቢያ አዩ።

«ሽፍታ ነህ ወይስ አናጢ?»

«አናጢ ነኝ፣ አዴ።»

«ልዩነቱን ቡና እየጠጣን ትነግረኛለህ፤ ግባ።»

አናጢው ሁሉንም ነገራቸው፤ ፎሙን፣ ጄሪካኑን፣ ጅብራውን፣ ቀርከሃውን። ስለ ሃዋዮቹም ቀይ ዓሣ ነገራቸው፤ በማያስፈልግ ቦታ ወሬ የሚያበዛ ሰው ነው። ልጁ ዊሊዊሊ ያለው ዛፍ የኮርች የቅርብ ዘመድ መሆኑን ግን ሁለቱም አያውቁም። ዕፅዋት አዋቂዎች ሁለቱንም ኤሪትሪና በሚባል አንድ ወገን ውስጥ ይመድቧቸዋል። የሃዋይ አለቃና የደሎ መና ባለ አጥር፣ ሳይተዋወቁ፣ አንድ ዘር ላይ ተደግፈዋል።

«ዓሣው ለዛፉ ምን ይጠቅመዋል?» አለ አናጢው፤ ሲነገረው ጀምሮ የከነከነው ይህ ነበር።

«ለዛፉማ ምን ይጠቅመዋል?» አሉ ሴትዮዋ። «ዓሣ ፍለጋ ባሕር መሄድ አለ፣ ተይዞ ወደ ደጋ መውጣት አለ። መጥረቢያው እስኪነሣ ድረስ ሰውየው ሁለት ጊዜ ያስባል።»

ከዚያ ተነሥተው አጥሩን አሳዩት። ኮርች ዘር አይጠብቅም። ቅርንጫፉን ቆርጠህ እርጥብ መሬት ላይ ስትሰካው ያቆጠቁጣል፤ በቅጠሉም መሬቱን ያለማል። ቤቱን ያጠሩት እንደዚህ ነው፤ አማታቸው አንድ ጎን፣ እሳቸው ሁለት ጎን፣ ልጃቸው አራተኛውን። አንደኛው አሮጌ ኮርች አንድ ወፍራም ክንዱን ወደ ቤቱ ጣሪያ አዘንብሎ ነበር።

«ያንን ውሰድ። በነፋስ ቤቴ ላይ ከሚወድቅ ባሕርህ ላይ ይሂድ። ጫፉን ግን እዚያ ክፍተቱ ጋ ተክለህልኝ ሂድ።»

አናጢው ቆረጠ፣ ተከለም። ሁለቱ ሥራ እኩል ጊዜ ወሰደበት።

ጎባ ሲመለስ ትዕግሥት የሚባለው ሥራ ጀመረ። እርጥብ ኮርች ውሃ የተነከረ ስፖንጅ ማለት ነው፤ ካልደረቀ ይበሰብሳል፣ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ዝም ካሉት ነቀዝ ይገባበታል። አናጢው ለሁለት ሰንጥቆ፣ ውስጡን እንደ ቀፎ ሠሪው ፈልፍሎ፣ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ጢስ በሚያገኝበት ሰቀለው። ሚስቱ ሽሮ ባነኮረች ቁጥር ሳንቃው ይታጠናል። ወራት አለፉ። ልጁ ከካሊፎርኒያ ሦስት ጊዜ ደወለ። «እየተጠበሰ ነው» ይባላል በየጊዜው።

ሲደርቅ ሁለቱን ግማሽ ገጥሞ በቀርከሃ ችንካር ወጋው። ችንካሩን ከመምታቱ በፊት በምድጃ ዳር በደንብ አድርቆታል፤ ውሃ ሲነካው አብጦ ራሱን እንዲያጠብቅ። መጋጠሚያውን በሰምና በጥጥ ፈትል ሞላ። ከዚያ ሮቤ ወርዶ ተልባ ገዛ። ከሮቤ እስከ አድማስ የሚታየው ስንዴ ነው፤ ትራክተርና ኮምባይነር የሚመላለስበት ሜዳ። ተልባው ግን አሁንም ከገበያው ጥግ በጆንያ ይሸጣል። ሻጯ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ስትሰማ «ለሆድ የመጣውን ለእንጨት?» ብላ ተቆጣች፤ ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ነውና በስተመጨረሻ ተጨምቆ ዘይት ሆነ።

ዘይቱን ሞቅ እያደረገ በጨርቅ ቀባው፤ ይደርቃል፣ እንደገና ይቀባል። ኮርቹ መጀመሪያ ላይ እየጠጣ አስቸገረ፤ ኋላ ጠገበና ወዝ አወጣ። አንድ ማታ ግን ተለማማጁ በዘይት የራሱትን ጨርቆች ጠቅልሎ ከሱቁ ጥግ ወረወራቸው። ሌሊት ጢስ ሸተተ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨምቆ ሲከመር እየሞቀ ሄዶ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ቀለም ቀቢ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። አናጢው ባልዲ ይዞ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ጨርቆቹ ለየብቻ ገመድ ላይ ይሰጣሉ። «ከቅጠል የመጣ ሁሉ የዋህ ነው ያለህ ማን ነው?» አለው ተለማማጁን፤ ልጁም ያለው ማንም እንደሌለ ተናገረ።

መጨረሻ ላይ ሰም። የሪራው ቀፎ ሠሪ የላከው ንጹሕ ሰም ሳንቃው ላይ ተፈተገ፤ እግር እንዳያዳልጥ።

ሳንቃውን የፈተኑት ከጎባ ወጣ ብሎ ወንዙ በሚጠልቅበት ስፍራ ነው። ተለማማጁ በሆዱ ተኛበት። ሳንቃው ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ተንሳፈፈ። ዳር የቆመው ሕፃን ሁሉ ጮኸ። ያቺ ባለ ጄሪካን ልጅም ነበረች፤ ዝቅ ብላ ከሳንቃው በታች ካለው ውሃ ቀዳችና ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

«ተልባ ተልባ ይላል» አለች። «በረዶ ግን የለም። እንዴት ነው አሜሪካ የሚሄደው?»

«በአውሮፕላን።»

«አውሮፕላኑም በተልባ ዘይት ነው የሚበረው?»

አናጢው ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለውም፤ እኔም የለኝ። ይህን ታሪክ ሲያወሩ ይህችን ጥያቄ የሚዘልሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ታሪኩ ያምርላቸዋል። የጣና ሰው ከደንገል ያሰረውን ታንኳ ያው ከዳር ባጨደው ደንገል ሠርቶ፣ ያው ሐይቅ ላይ ቀዝፎ፣ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ያው ዳር ላይ እንዲበሰብስ ይተወዋል። የእሱ ሒሳብ እዚያው ይዘጋል። የጎባው ሳንቃ ሒሳብ ግን አልተዘጋም፤ ከፎሙ ይልቅ ዕዳው አነሰ እንጂ።

ሳንቃው ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ! ቆምኩበት!»

«አልሰመጠም?»

«አልሰመጠም። ከፎሙ ይከብዳል፤ ሲይዝ ግን ይይዛል። ጓደኞቼ ሁሉ አዩት። አንድ ሱቅ ደግሞ 300 ይፈልጋል። ዋጋውን ልንገርዎት?»

ነገረው። አናጢው ቁጭ አለ። በዚያ ገንዘብ ሱቁን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ማድረግ፣ ማሽን መግዛት፣ ሚስቱን ከጢስ ማውጣት ይችላል። ተለማማጁ አጠገቡ ቆሞ ጣቱን እየቆጠረ ነው። አናጢው ሌሊቱን አልተኛም፤ ሲነጋ ፈረሱን ጭኖ ሳነቴን ተሻገረ።

ሴትዮዋ 300 ሲባል ሰምተው አልደነገጡም። «ና» አሉና አጥሩን ይዘው መዞር ጀመሩ። ግንዱን በመዳፋቸው እየመቱ ይሄዳሉ።

«ይኼ ቡናዬን ያጠላል፤ አይነካም። ይኼ ገና ሁለት ክረምቱ ነው። ይኼኛው ልጄ የተወለደ ዕለት የተተከለ ነው፤ እሱን ራሱን ጠይቀው። ይኼ... ይኼ አርጅቷል፤ ውሰድ። እዚያ ማዶ ያለው የጎረቤቴ ነው፤ አንድ ክንድ አያጣም፤ እኔ እነግራታለሁ።»

እንዲህ እያሉ አራቱን ጎን ዞሩ፤ የጎረቤትንም የጎረቤት ጎረቤትንም አጥር ዞሩ። አንድ ያልበሰለ ነገር ነበር፤ አናጢው ባለፈው የተከለው ቅርንጫፍ። አቆጥቁጦ ክንድ የሚያህል ቅጠል አውጥቷል። ሴትዮዋ በእሱ ዘንድ ቆም አሉና «ይኼ የአንተ ነው፤ ለጊዜው አትንካው» አሉት።

አናጢው ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለ። ሴትዮዋም ተከትለውት ወጡ።

«ዘንድሮ አራት ነው» አለ።

«አራት መቶ?»

«አራት።»

«ጋሼ፣ ሱቁ አራት አይቀበልም እኮ! ቢያንስ የተወሰነውን ከባሕር ዛፍ ብንሠራው? ስሙን ብቻ...»

«ስሙን ብቻ ምን?»

ከዚያ ማዶ ዝምታ ሆነ። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ራሱ አልወደደውም መሰል አልጨረሰውም።

«የሚመጣው ዓመትስ ስንት ይደርሳል?» አለ በመጨረሻ።

አናጢው መልሱን አላወቀም። ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጣቸው። እሳቸው ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቅ አድርገው ያዙት።

«አንተ የጎባ ልጅ» አሉት። «ዝናቡ ሳይወጣ መምጣት ትችላለህ? ከጓሮዬ በታች ባዶ መሬት አለ። እናንተ ፈቃድ የምትሉት ነገር ስንት ቀን ነው?»

«የአንድ ወር ነው፣ አዴ።»

«ለመትከል ይበቃል። መጋዝ ግን ይዘህ እንዳትመጣ።»